የእትዬ አስካለ ግራ ክንድ

ስልኩን ያነሣሁት አውቶቡስ ውስጥ ነው። ቤቲ ነበረች።

«እትዬ አስካለ አረፈች» አለችኝ። ከዚያ ትንፋሿን ዋጥ አድርጋ፣ «ሶሪ፣ አረፉ። እትዬ አስካለ አርፈዋል» ብላ አስተካከለችው። ለንደን ተወልዳ ያደገች ልጅ ናት፤ አንቱታ የሚጠፋባት ስትደነግጥ ነው።

«መቼ?»

«ዛሬ ጠዋት፣ ሆስፒታል። አስከሬኑ ሲለቀቅ የሚያጥቡት ሴቶች አንቺንም ይፈልጉሻል። እሳቸው ራሳቸው ስምሽን ጠርተው ነበር አሉ። ትችያለሽ?»

ሬሳ ነክቼ አላውቅም። እሺ ያልኩት በጣም ቀስ ብዬ ስለነበረ ደግማ ጠየቀችኝ።

ስልኩን ዘግቼ በመስኮት ስመለከት ፌርማታው ላይ አንዲት ሴት ግራ ክንዷን ደረቷ ሥር አጥፋ ቆማ አየሁ። አውቶቡሱ እስኪያልፋት አንገቴን አዙሬ ተከተልኳት። የያዘችው የታጠፈ ጃንጥላ ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ እንዲህ ያለ ነገር ብዙ ጊዜ ይገጥመኛል። መንገድ ላይ፣ ባቡር ላይ፣ ሱቅ ውስጥ ክንዱን ያጠፈ ሰው ሁሉ ያስደነግጠኛል።

እትዬ አስካለን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያይ ሰው አስቀድሞ የሚያስተውለው ያን ክንድ ነበር። ግራ ክንዳቸው ከክርኑ ታጥፎ፣ መዳፉ ወደ ላይ ዞሮ፣ ደረታቸው ሥር ይቀመጣል። አውቶቡስ ሲጠብቁ እንደዚያ ናቸው። ቅዳሴ ቆመው ሲያስቀድሱም እንደዚያ ናቸው። በሽታ ይሆናል ብዬ አዝኜላቸው ነበር፤ ግን ዕቃ ሊያነሡ ሲፈልጉ እንደማንኛውም ሰው ይዘረጉታል። ልባቸው ሌላ ቦታ ሲሆን ነው ክንዱ በገዛ ራሱ የሚመለሰው። በመጨረሻዎቹ ዓመታት ግን ጨርሶ አልዘረጋ አለ። ሐኪሙ እስፖርት አዞላቸው ነበር። «ይኼ ክንድ ሥራ ላይ ነው በዪው» አሉኝ፤ እኔም እንደዚያው ብዬ ተረጎምኩለት፤ ሐኪሙ ፈገግ አለ።

ለንደን የገቡት በደርግ ጊዜ፣ በሱዳን በኩል ነው። አማርኛቸው እዚያው ዘመን ላይ ቆሞ ቀርቷል። ካውንስሉን «ቀበሌ» ይሉታል። «ቀበሌ ሊፍቱን አልሠራ አለኝ» ሲሉ ልጆቹ ይስቃሉ። የሚኖሩት ኬንቲሽ ታውን፣ ያ ሊፍት በሚበላሽበት ሕንጻ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነበር። ከሆስፒታል የልብስ ንጽሕና ክፍል ጡረታ ከወጡ በኋላ ጊዜያቸውን የሰጡት ለሰንበት ትምህርት ቤቱ ልጆች ነው።

እኔ የመጣሁት ከዘጠና ሰባቱ ምርጫ በኋላ ነው፤ ለሁለተኛ ዲግሪ መጥቼ በዚያው ቀረሁ። እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን እሄድና ሰው እንዳያናግረኝ ከምሰሶ ጀርባ እቆማለሁ። አንድ ቀን እትዬ አስካለ መጥተው አጠገቤ ቆሙ።

«አንቺ ልጅ፣ ከዚህ ምሰሶ ጋር ነው እንዴ የተላክሽው?»

ከምሰሶው ትንሽ ፈቀቅ አልኩ።

«ማንበብ ትችያለሽ?»

«አዎ።»

«ሰው ፊት መቆምስ?»

«አልችልም።»

«ደግ። ከመጋረጃ ጀርባ ታነቢልኛለሽ።»

የገናውን ትዕይንት ማለታቸው ነበር። ልጆቹ በየዓመቱ የልደትን ታሪክ በአዳራሹ ይሠራሉ፤ እኔ ማንም ሳያየኝ አነባለሁ። የእኛ ገና የሚውለው ፈረንጆቹ የገና ዛፋቸውን አውጥተው መንገድ ዳር በሚጥሉበት ሳምንት ነው። እትዬ አስካለ ያን ሳምንት ልጆቹን አስከትለው ከየደጃፉ ዛፍ ይለቅማሉ። የተጣለውን ዛፍ መድረኩ ላይ እርስ በርሱ አስደግፈው ግርግም ይሠሩበታል። አንዳንዱ ላይ የተረሳ ብልጭልጭ ወረቀት ይኖራል፤ እንዲነሣ አይፈቅዱም። «ከብቶቹም የገዛ ራሳቸው ጌጥ አላቸው» ይላሉ።

አንድ ነገር ላይ ግን ፈጽሞ አይደራደሩም። ግርግሙ ውስጥ የሚተኛው ሕፃን እውነተኛ ሕፃን መሆን አለበት። በየዓመቱ ከኅዳር ጀምሮ ማን እንደወለደች፣ ማን እንደምትወልድ ይጠይቃሉ። ሕፃኑ ሲገኝ ደግሞ ልጆቹን አሰልፈው በየተራ ያሳቅፏቸዋል።

«ከባድ ነው?»

«ይስ፣ ሄቪ ነው» አለች ቤቲ። ያን ጊዜ አሥራ ሁለት ዓመት ቢሆናት ነው።

«እሱ ነው ትምህርቱ። ሰማይ የማይችለው አምላክ ሥጋ ሲሆን ይህን ያህል መዘነ። ያን ሌሊት አንድ ሰው ክንዱን ባይዘረጋለት መሬት ይወድቅ ነበር።»

አባ በር ላይ ቆመው ይሰሙ ኖሯል። «ኧረ እትዬ አስካለ! መላእክት አሉለት እኮ» አሉ እየሳቁ።

«መልአክ ክንድ አለው እንዴ አባ? እናት ያስፈለገችውስ ለዚህ አይደል?»

አባ መስቀላቸውን አሳልመዋቸው ሄዱ። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ስለ ምሥጢረ ሥጋዌ ያነበብኩት ነገር ነበር፤ የሁለት ባሕርይ ተዋሕዶ፣ የጉባኤዎቹ ክርክር። እትዬ አስካለም ያን ሁሉ አይንቁትም፤ «እሱን አባ ያስተምሩሽ» ይሉኛል። እሳቸው የሚያስቡት ያ አካል በማን እጅ እንዳረፈ ነው። ሲርበው ማን እንደሰማው፣ ሲበርደው ማን እንደሸፈነው ነው።

አንድ ዓመት ከማኅበረ ምእመናኑ የወለደች ሴት ጠፋች። የአዳራሹን ቁልፍ የሚይዙት የኮሚቴው ሰብሳቢ ጋሽ ታደሰ በካርቶን የታሸገ አሻንጉሊት ገዝተው መጡ። ሲያስተኙት ዓይኑን የሚከድን ነበር። እትዬ አስካለ ግራ ክንዳቸው ላይ አስቀምጠው መዘኑትና መለሱላቸው።

«ባዶ ነው ታደሰ። ይኼ አልተወለደልንም።»

በዚያው ሳምንት ሃክኒ ውስጥ የስደተኞች ማረፊያ ቤት የምትኖር ማርታ የምትባል ልጅ መውለዷን ሰሙ። ማርታ በሊቢያ በኩል የመጣች ናት። እዚያ ታግታ ከቆየችበት መጋዘን ስትወጣ አርግዛ ነበር። ይህን ሁሉም ያውቃል፤ ማንም ጮክ ብሎ አይናገረውም።

ለማስተርጎም እኔን ይዘው ሄዱ፤ ያን ቀን የማርታን ጉዳይ የያዘችው ሶሻል ወርከርም ትመጣ ነበርና። ክፍሉ ጠባብ ነው። ሕፃኗ መሬት ላይ፣ ሕፃናት መኪና ላይ በሚቀመጡበት ዘንቢል ውስጥ ተኝታለች፤ ጡጦዋ በትራስ ተደግፎ አፏ ላይ ቆሟል። ማርታ አልጋው ላይ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ ተቀምጣለች።

«ስሟ ማን ነው?» አሉ እትዬ አስካለ።

«ወረቀት ላይ የተጻፈ አለ። እኔ አልጠራትም።»

ሶሻል ወርከሯ መጣች። ደግ ሴት ነበረች፤ ጫማዋን በር ላይ አወለቀች። ማርታ ወደ እኔ ዞረች።

«ልጅቷን ይውሰዷት በያት። አልፈልጋትም። ሳያት የማየው ሌላ ነው። በደንብ ተርጉሚልኝ።»

ተረጎምኩ። ድምፄ ግን እንደ ማርታ ድምፅ አልጸናም። ሶሻል ወርከሯ እንዲህ ያለ ነገር በአንድ ቀን እንደማይወሰን፣ በጥር ወር አጋማሽ ተመልሳ እንደምትመጣና ያን ጊዜም ሐሳቧ ይኸው ከሆነ ለልጅቷ ሌላ ቤተሰብ መፈለግ እንደሚጀመር አስረዳች። ማርታ በእሺታ ራሷን ነቀነቀች።

ሴትየዋ ከወጣች በኋላ እትዬ አስካለ፣ «ለገና ልጅሽን ታውሽኛለሽ?» አሉ። እኔ በሐፍረት መሬት መሬቱን አየሁ። ከሰሙት ሁሉ በኋላ የሚጠየቅ ነገር አልመሰለኝም።

«ውሰዷት። ብትመልሷትም ባትመልሷትም።»

«ልጅ ብቻውን አውቶቡስ አይሳፈርም። አንቺ ነሽ የምታመጫት።»

«ቤተ ክርስቲያን አልገባም።»

«ሰማንያ ቀንሽ ስላልሞላ አትገቢም። ይኼ ግን አዳራሽ ነው። ከኋላ፣ በሩ አጠገብ ትቀመጫለሽ። ካስጠላሽ ትወጫለሽ።»

ማርታ ፊቷን መልሳ ወደ መስኮቱ አዞረች። ስንወጣ እትዬ አስካለ ጎንበስ ብለው ትራሱን አስተካከሉ። ሕፃኗን አላነሧትም። ያን ጊዜ ገረመኝ፤ እሳቸው ያገኙትን ሕፃን ሁሉ ሳያቅፉ የሚያልፉ ሰው አልነበሩም።

ወደ ኬንቲሽ ታውን ስንመለስ ዝናብ ይጥል ነበር። አውቶቡሱ ላይኛው ፎቅ ላይ፣ ከፊት ተቀመጥን። የመስኮቱን ጭጋግ በመሐረባቸው ጠረጉና ሳያዩኝ ማውራት ጀመሩ።

«ሱዳን ስንሻገር ሁለት ወር ያልሞላት ልጅ ነበረችኝ። አንድ ቀን ጠዋት ሞተች። ካወቁ ጥለሻት ሂጂ ይሉኛል ብዬ ለማንም አልተናገርኩም። ቀኑን ሙሉ ታቅፌያት ሄድኩ። ሕያው ልጅ አይከብድም፤ እሱም ይይዝሻል። የሞተ ልጅ ግን ክብደቱ ሁሉ ያንቺ ነው። ሲመሽ መንገድ መሪው አወቀብኝ። አንድ ዛፍ ሥር አስተኝቼ ድንጋይ ደረደርኩባት። ክርስትና አልተነሣችም፤ ስምም አልነበራትም።»

አውቶቡሱ ቆሞ ሰው ወረደ፣ ሰው ወጣ።

«ካርቱም ስንደርስ ቄስ ጠየቅሁ። ነፍሷ በእግዚአብሔር እጅ ናት አሉኝ። ነፍሷንማ እኔም አላጣሁትም። እኔ የጠየቅኋቸው ሥጋዋን ነው። ያን ያቀፍኩትን። አምላክ ሥጋ ባይሆን ኖሮ ለማን እነግረው ነበር? መልአክ ክብደት አያውቅ። እሱ ግን ራሱ ታቅፏል፤ ራሱ ሞቶ እናቱ ጉልበት ላይ ተኝቷል። ያውቃታል እላለሁ።»

«እርግጠኛ ነዎት?» አልኩ። እንዴት ደፍሬ እንደጠየቅኩ እስከ ዛሬ አላውቅም።

«ሁልጊዜ አይደለም። የማላምንበት ቀን አለ። በዚያም ቀን ክንዴ ያምናል።»

«ለማርታ ለምን አልነገሯትም?»

«የእኔን ሬሳ እሷ ላይ ልጫን?» አሉ። ፌርማታችን ደርሶ ወረድን። ጃንጥላ ስለያዙ ቀኝ እጃቸው አልተመቸም፤ ግራው ታጥፏል፤ ደረጃውን ክርናቸውን ይዤ አወረድኳቸው። ከዚያ በኋላ ይህን ነገር በገዛ ራሳቸው አንድም ቀን አላነሡልኝም።

በማግስቱ ወሬው ኮሚቴው ዘንድ ደረሰ። ጋሽ ታደሰ ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ነገሩ ጭንቅ ሆኖባቸው ነበር።

«እትዬ፣ ልጅቷን ጠልቼ አይደለም። ሴት ሕፃን መሆኗ አንድ ነገር ነው...»

«ተጠቅልላ ማን አይቶ ነው?»

«ደግሞ ክርስትና አልተነሣችም። ያልተጠመቀች ልጅ በጌታችን ቦታ ትተኛ?»

«እሱስ የተጠመቀው በሠላሳ ዓመቱ አይደል? እስከዚያ ማን ነበር ልትለኝ ነው?»

ጋሽ ታደሰ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ሰው ያወራል። አባቷ ማን እንደሆነ የማይታወቅ ልጅ...»

«ይኼን ናዝሬትም ውስጥ ሲያንሾካሹኩት ነበር ልጄ።»

ክፍሉ ውስጥ የነበርነው ሁሉ ጋሽ ታደሰን አየናቸው። ጋሽ ታደሰ አማተቡ። ከዚያ ቁልፉን ከኪሳቸው አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡና፣ «በእርስዎ ኃላፊነት ነው» ብለው ወጡ። አሻንጉሊቱን ግን ይዘውት አልሄዱም። ምናልባት ብለው ነው መሰለኝ፣ ወንበር ላይ ከነካርቶኑ ተውት።

የትዕይንቱ ቀን አዳራሹ ሞልቶ ነበር። የዛፎቹ ሽታ ከመድረክ እስከ በሩ ይሸታል። ማርታ መጣች። ካፖርቷን ሳታወልቅ በሩ አጠገብ ተቀመጠች፤ ሕፃኗን ከነዘንቢሉ ለእትዬ አስካለ ስታቀብል እጇ እንኳ አልዘገየም። እትዬ አስካለ ዘንቢሉን እንደያዙ ለቤቲ አስረከቡ። ያን ዓመት እመቤታችንን የምትሠራው ቤቲ ነበረች።

እኔ ከመጋረጃው ጀርባ ሆኜ አነባለሁ። በቀዳዳው ግማሽ መድረክና የአዳራሹን የኋላ ረድፎች አያለሁ። እረኞቹ መጡ። አንዱ እረኛ በትሩን ረስቶ ጃንጥላ ይዟል። ሰብአ ሰገል ተንበረከኩ። ከዚያ ቤቲ ሕፃኗን ከገለባው አንሥታ ለሕዝቡ የምታሳይበት ጊዜ ደረሰ። በልምምድ ያነሣችው አሻንጉሊቱን ነበር፤ እትዬ አስካለ ሕፃኗ እንዳትንገላታ ብለው ለልምምድ ብቻ ፈቅደውላት ነበር። ቤቲም እንደለመደችው በሁለት እጇ የሕፃኗን ብብት ይዛ ወደ ላይ ከፍ አደረገቻት። የሕፃኗ ራስ ወደ ኋላ ወደቀ።

«አንገቷን!»

ድምፁ ከበሩ በኩል ነው የመጣው። ሰው ሁሉ ዞረ።

«አንገቷን! አንገቷን ያዢ!»

ማርታ ቆማ ነበር። ቤቲ ደንግጣ ደረቀች። «እትዬ፣ ዋት ዱ አይ ዱ? ምን ላድርግ?» አለች ወደ ጎን እያየች። እትዬ አስካለ ከእሷ ሁለት እርምጃ ቢርቁ ነው። አየኋቸው። ግራ ክንዳቸው ከደረታቸው ተነሥቶ ወደ ሕፃኗ ተዘርግቷል። ቀኝ እጃቸው ያን ክንድ አንጓው ላይ ጨምድዶ ይዞታል። አልሄዱም።

ማርታ ወንበሮቹን እየገፋች መጣች። አንድ ሰው እግሩን ረግጣው «ኧረ እቴ» አለ። መድረኩ ላይ ወጥታ መዳፏን ከሕፃኗ ማጅራት ሥር አስገባች። ከዚያ ሌላውን እጇን ከጀርባዋ ሥር። ሕፃኗን ከቤቲ ወስዳ ትከሻዋ ላይ አደረገቻት። አንገቷን አልለቀቀችም። ወርዳ የምትሄድ መስሎኝ ነበር። ግን የደከማት ሰው እንደሚቀመጥ፣ ከነካፖርቷ ገለባው ላይ፣ ዛፎቹ ሥር ተቀመጠች።

«አንብቢ» አሉኝ እትዬ አስካለ ወደ መጋረጃው ዞረው። ቦታው ጠፍቶኝ ነበር። ያገኘሁትን አነበብኩ። የፊተኛው ረድፍ ላይ ጋሽ ታደሰ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ አድርገው ነበር።

ሰው ከተበተነ በኋላ እትዬ አስካለን ፈልጌ አዳራሹ ጓዳ ውስጥ አገኘኋቸው። ጀርባቸውን ሰጥተውኝ በአንድ እጃቸው ብርጭቆ ያጥባሉ። ግራው ቦታው ተመልሷል።

«አሁን ቀለለዎት አይደል?» አልኳቸው። ደስ የሚያሰኝ ነገር መናገሬ ነበር።

ብርጭቆውን እንደያዙ ዞሩ። አልተቆጡም።

«እንዲቀለኝ የምፈልግ ይመስልሻል? ፎቶ የላት። መቃብር የላት። ክብደቷ ነው የቀረኝ።»

ብርጭቆውን ተቀብያቸው አደረቅኩ።

በጥር አጋማሽ ሶሻል ወርከሯ ስትመጣ ማርታ ልጅቷን ታቅፋ ጠበቀቻት። «አልሰጥም በያት» አለችኝ፤ ስተረጉም ግን ሌላ ነገር ጨመረች፤ «አሁንም ሳያት የማየው አለ። ቢሆንም አልሰጥም።» ሁለቱንም ተረጎምኩ። እትዬ አስካለ ለሕፃኗ የክርስትና እናት ሆኑ። የራሳቸውን ታሪክ ለማርታ በኋላ ነግረዋት ኖሯል፤ መቼ እንደሆነ አልጠየቅኩም።

አስከሬኑ በተለቀቀ ቀን አራት ሴቶች ተገናኘን። ሥርዓቱን የሚያውቁት ወይዘሮ ጽጌ፣ ማርታ፣ ቤቲና እኔ። ክፍሉ ነጭ ነው፤ ሰዓት የለው፣ መስኮት የለው። እጄን የት እንደማደርግ ስላላወቅኩ ውኃ ቀጂ ተባልኩ። ውኃው እንዳይቀዘቅዝ ደጋግሜ በእጄ ሞከርኩት። ከዚያ ወይዘሮ ጽጌ የእትዬ አስካለን እግር እንዳጥብ አሳዩኝ። ትንሽ እግር ነበር፤ ተረከዙ የተሰነጠቀ። እንደፈራሁት አልነበረም። ከብዶ መዳፌ ላይ ዐረፈ።

ታጥበው ሲያበቁ ነጩ አቡጀዲ ተዘረጋ። ወይዘሮ ጽጌ የእትዬ አስካለን እጆች ከጎንና ከጎን ሊያስተካክሉ ሞከሩ። ቀኙ እሺ አለ። ግራው ግን ሲዘረጉት ቀስ እያለ ይመለሳል። እንደገና ዘረጉት። ተመለሰ።

«ጠበቅ አድርገን እንሰረው። ሥርዓቱ ቀጥ ማድረግ ነው» አሉ።

«ይተዉት» አለች ማርታ።

ወይዘሮ ጽጌ እኔን አዩኝ። በዚያ ክፍል ውስጥ አንድም ቃል አልተናገርኩም ነበር።

«እንደታጠፈ ይሁን» አልኩ። ሁሉም ሰሙኝ።

እንደታጠፈ ተገነዙ። አቡጀዲው በግራ በኩል፣ ደረታቸው ላይ፣ ትንሽ ከፍ ብሎ ቀረ። ወይዘሮ ጽጌ የመጨረሻውን እጥፋት ከመዝጋታቸው በፊት ማርታ፣ «አንድ ጊዜ» አለች። ከአቡጀዲው የተረፈውን ቁራጭ አንሥታ አጣጠፈችው፤ አንድ ጊዜ፣ ደግሞ አንድ ጊዜ፣ ለስላሳ እስኪሆን። ከዚያ ወደ ውስጥ አስገብታ፣ ክርናቸው እጥፋት ላይ፣ የሕፃን አንገት በሚያርፍበት ቦታ አስቀመጠችው።

ለምን ያላት የለም።